የማይሞቱ ዓሦች ጠባቂ

የውኃ ማጣሪያው ሠራተኞች አባ ዓሣ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም፤ ራሱም ቢሆን በዚያ ስም ድንገት ሲጠሩት ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዞር ዞር ይላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ያጎበጠው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ጉልምስናውን ሙሉ ወደ አንድ የመስታወት ገንዳ ሲያጎነብስ ኖሮ ነው።

ማጣሪያው ከከተማው በላይ፣ ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ ትንፋሹን በሚሰበስብበት ሜዳ ላይ ተሠርቷል። ወንዙ አስቀድሞ ወደ ሰፊው ኩሬ ይገባና ጭቃውን ያዘቅጣል፤ ቀጥሎ በአሸዋው መካከል እየሰረገ ይጠራል፤ በመጨረሻም ክሎሪን ተጨምሮበት በትልቁ ቧንቧ ወደ ከተማ ይወርዳል። ከአሸዋው ወጥቶ ክሎሪን ሳይነካው ግን ከውኃው ጥቂቱ በቀጭን ቱቦ ተከፍሎ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ይሄዳል። የአባ ዓሣ ገንዳ ያለው በዚያች ክፍል ነው። ከተማው የሚጠጣውን ውኃ ከከተማው ቀድመው የሚቀምሱት በገንዳው ውስጥ ያሉት ዓሦች ናቸው። በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩት ብልቃጦች የውኃውን ድፍርስነትና የክሎሪኑን መጠን ይናገራሉ እንጂ፣ ከላይ ማን ምን እንዳፈሰሰበት አያውቁም። ያንን የሚናገሩት ዓሦቹ ነበሩ። የሚናገሩትም በመሞት ነው።

ዓሦቹ ባርበስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ወገኑ አንድ ይሁን እንጂ ዝርያው ብዙ ነው፤ በዚያ ወንዝ ውስጥ ብቻ እንኳ ሦስት ዓይነት ይገኝ ነበር። ባለ ነጥቡ በጎኑ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተደርድረውበታል። ባለ መስመሩን ከስንጥቡ እስከ ጅራቱ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ያቋርጠዋል። ጢማሙ ደግሞ ከአፉ ግራና ቀኝ ረጃጅም ጢሞች ያንጠለጠለ፣ ሌላ ምልክት የሌለው ብርማ ዓሣ ነው። ሦስቱም ከመሐል ጣት አይበልጡም፤ መልካቸውም የአንድ እናት ልጆች መልክ ነው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው፤ አንዱ ሲያነጥሱበት የሚታመም፣ ሌላው ድንጋይ ቢውጥ የሚፈጭ። ለገንዳው የሚፈለገው ሲያነጥሱበት የሚታመመው፣ ባለ ነጥቡ ነበር።

ይህን ሁሉ ለአባ ዓሣ ያስተማረው ከሱ በፊት የነበረው ጠባቂ ነው። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ገንዳውን፣ መረቡንና አንድ ያረጀ ባልዲ አስረክቦት ወደ ልጆቹ ቤት ገባ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሦቹ በአባ ዓሣም እጅ ይሞቱ ነበር። ክረምቱ ሲገባ በጎርፉ ድፍርስ አንድ ሁለቱ፣ በጋው ሲከር በሙቀቱ አንድ ሁለቱ። አንድ ዓሣ በጎኑ በተንሳፈፈ ቁጥር ደንቡ የታወቀ ነው፤ ወደ ከተማ የሚወርደው ቧንቧ ትልቁ መዝጊያ ይዘጋል፣ ከተማው ይደርቃል፣ ወንዙ እስኪመረመርም ይጠበቃል። በዚያ ቀን ታዲያ የሚወርደውን እርግማን የሚችለው ትከሻ አልነበረም። ፀጉሯን ሳሙና የቀባች ሴት ትራገማለች፤ ልብስ አጣቢው ይራገማል፤ ሥራ አስኪያጁ ከበላይ የተሰደበውን ስድብ ሳያጎድል ወደ ጠባቧ ክፍል ያወርደዋል። አባ ዓሣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማና፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ ከማጣሪያው በታች ወዳለው ጅረት ምትክ ሊያጠምድ ይሄዳል።

የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ጅረት ዳር ነው። የባርበስ ጫጩቶች በሕፃንነታቸው ሁሉም ነጥብ አላቸው። አድገው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ባለ ነጥቡን ከጢማሙ የሚለይ ዓይን አልተፈጠረም። ሲያድጉ የባለ ነጥቡ ነጥብ እየጠቆረ ይሄዳል፤ የጢማሙ ይጠፋና በምትኩ ጢሙ ይረዝማል። አባ ዓሣ ጫጩቶቹን በጅምላ አምጥቶ ገንዳው ውስጥ ይለቃል። ከነሱ መካከል ባለ ነጥቦቹ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፣ ጢማሞቹ ይቀራሉ። ለሞቱት ሌላ ምትክ ያመጣል፤ ከምትኮቹም እንዲሁ። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አልወሰነም። ወንፊት ማሰብ አያስፈልገውም፤ የሚያልፈው ያልፋል፣ የሚቀረው ይቀራል። እያደር በገንዳው ውስጥ ባለ ነጥብ የሚባል ዘር ጠፋ።

አባ ዓሣ አላየም ማለት አይቻልም። ነጥቦቹ መደብዘዛቸውን አይቶ፣ ክፍሏ ጨለማ ናት፣ ፀሐይ ያላገኘ ነገር ይነጣል ብሎ ለራሱ ነገረው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አርጅተው ነው፣ የሰው ፀጉርስ ይነጣ የለ ወይ አለ። ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ምክንያት የሚጠይቅ ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ ከሌለ ምክንያቱ ይጸናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓሦቹ መሞት ትተው ነበር።

መሞት ሲተዉ የአባ ዓሣ ስም ተነሣ። መዝጊያው መዘጋቱ ቀረ፤ እርግማኑ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ተለውጦ ወጣት ሰው ቢመጣም፣ አዲሱ ለእንግዶች ማጣሪያውን ሲያስጎበኝ ጠባቧ ክፍል በር ላይ ይቆምና የሞት መልአክ እዚህ ድረስ መጥቶ ይመለሳል ይላቸዋል። እንግዶቹ ይስቃሉ፤ አባ ዓሣ መሬት መሬት እያየ ፈገግ ይላል። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ሞተረኛ፣ አፉ እንደ ፓምፑ የማያርፍ ሰው ነበርና፣ እኔንም ከዓሦችህ ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ጨምረኝ፣ ሚስቴ ቀብሬን እየጠበቀች ስለሆነ ላበሳጫት ፈልጌ ነው ይለው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከገደሉ በላይ ያለው ትልቁ እርሻ ባለቤት ለወጠ ተባለ። ባለቤት በለወጠበት ዓመት ነፋሱ ከላይ ሲመጣ ጉሮሮ የሚከረክር የፀረ ተባይ መድኃኒት ሽታ ይዞ ይወርድ ጀመር። ከሽታው ቀጥሎ ከኩሬው ዳር የጠፉት የውኃ ተርቦች ናቸው። እነሱን ማንም ልብ አላላቸውም። ቀጥለው እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ኩሬው ድሮ አመሻሹ ላይ ሰው ከሰው እስከማይደማመጥ ድረስ ይንጫጫ ነበርና፣ ዝም ያለ ዕለት ዘበኛው እንኳ ወጥቶ ምን ሆነ ብሎ ተመለከተ። በግድግዳው ላይ ቆመው ውኃውን የሚጠባበቁት ነጫጭ ወፎች አንድ ጠዋት መጡ፣ ሲያዩ ቆዩና ሄዱ፤ አልተመለሱም።

በየጊዜው ታዲያ አባ ዓሣ ወደ ገንዳው ሄዶ ያጎነብሳል። ዓሦቹ ጢማቸውን እያወዛወዙ ከወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ምግብ ሲበትንላቸው እየተሻሙ ይበላሉ። ወጥቶ ዓሦቹ ደኅና ናቸው ይላል። የሁሉም ልብ በዚያች ቃል ይመለሳል። የሞተረኛው ድመት ከፓምፑ ቤት ኋላ የሚፈሰውን ውኃ ስትጠጣ ኖራ፣ አንድ ሰሞን እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ፣ ለሃጭዋ እየተዝረበረበ ሞተች። ሞተረኛው አዝኖ የሆነ ሰው መርዝ አብልቷት ነው አለ። ውኃውን የጠረጠረ የለም። ዓሦቹ ደኅና ናቸዋ።

አባ ዓሣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከአንዲት ልጁ በቀር ሰው የለውም። ልጁ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቷም ትልቁ ቧንቧ ወደ ከተማው በሚገባበት በመጀመሪያው መንደር ነው። ባሏ የጭነት መኪና ነጂ በመሆኑ ከቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ካገቡ ወዲህ ልጅ ዘግይቶባቸው፣ ጎረቤት መጠየቅ እስኪተው ድረስ ከጠበቁ በኋላ በዚያ ዓመት አረገዘች። አባ ዓሣ ያን የሰማ ዕለት ለዓሦቹ እጥፍ ምግብ በተነላቸው።

ሰባተኛው ወር ላይ ግን ልጅቱ ራሷን ያማት ጀመር። ቀጥሎ ላብ ላብ ይላታል። ቀጥሎ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሉ። ክሊኒክ ሄደች። የክሊኒኩ ነርስ መርምራ፣ የእርግዝና ድካም ነው፣ ዕረፍት አድርጊ፣ ውኃም አብዝተሽ ጠጪ አለቻት። አባ ዓሣ ምክሩን እንደ ራሱ ጉዳይ ያዘው። ልጅቱ የክሎሪን ሽታ ያቅለሸልሻት ስለነበር፣ ከቀጭኑ ቱቦ፣ ዓሦቹ ከሚጠጡት፣ በትንሽ ጀሪካን እየቀዳ ከሥራ ሲወጣ ያመጣላት ጀመር። በደጃፏ ሲገባ አስቀድሞ የሚያነሣው ብርጭቆውን ነው። ቆሞ እስክትጨርስ ይጠብቃታል። ስትጨርስ ጎሽ ይላታል፤ ገና ስትድህ ወተት ሲያጠጣት ይላት እንደነበረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የድሮው ጠባቂ በምርኩዝ እየተደገፈ ወደ ማጣሪያው መጣ። ወደዚያ ግቢ ከመጣ ዘመን የለውም። የያዘው ምርኩዝ በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አባ ዓሣ ደስ ብሎት ተቀበለው፣ ወንበር አመጣለት፣ ሻይ ላስመጣ አለው። ሽማግሌው ሻዩን ትቶ ዓሦቹን አሳየኝ አለ። ዓይኑ ደክሟልና ግንባሩ መስታወቱን እስኪነካ ተጠግቶ ለረጅም ጊዜ አየ።

«የኔዎቹ የት ሄዱ?» አለ በመጨረሻ።

«እነዚህ ናቸዋ ጋሼ። እነሱን እየተካሁ ያሳደግኋቸው ናቸው። ከስንት ዓመት ወዲህ አንድም አልሞተብኝም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ሽማግሌው የቀረበለትን ወንበር ትቶ በተገለበጠው ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ የሰው ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ነበር።

«አንድም አልሞተብኝም ብለህ ነው ደስ የሚልህ? እነሱ እኮ እዚህ የገቡት ለመሞት ነው ልጄ። እኔ በሞቱብኝ ሌሊት ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። እነዚህ ጢማሞች ናቸው። ጢማም የልብስ እጣቢ ውስጥ ይዋለዳል፤ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ አይተኸው አታውቅም?»

አባ ዓሣ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። በዚህ ሁሉ ዘመን በሽማግሌው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ዓይንዎ ደክሟል ጋሼ አለው፣ ያስተማሩኝን እኔ አልረሳሁም አለው፣ የሚጠቅም ሥራ የሠራ ሰው ምስጋናው ይህ ነው ወይ አለው። ሽማግሌው አልተቆጣም፤ አልተከራከረም። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣና በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ካልታመንኩ ባለ ነጥብ ፈልገህ አጠገባቸው ጨምር አለው፤ ሁለቱን ደግሞ በመጡበት ውኃ በባልዲ አቆይ፤ እኔን አትመን፣ እነሱን እመን። ይህን ብሎ ግቢውን አቋርጦ ሄደ። እየሄደም ምርኩዙ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባ ዓሣ ወደ ገንዳው አጎነበሰ። ዓሦቹ በመስታወቱ ጥግ ተሰብስበው፣ ጢማቸውን እያንቀሳቀሱ አዩት። በያንዳንዱ ጎን ላይ ነጥብ ፈለገ። ከዚህ ቀደም ፈዝዟል ያለው ነጥብ ጭራሹን አልነበረም። መብራቱን አምጥቶ ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ፈለገ። ከዚያ መብራቱን አጠፋውና በጨለማው ውስጥ ቆመ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ወዲያው ይሮጣል ብለን እናስባለን። አባ ዓሣ አልሮጠም። የሥራ መውጫው ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ጀሪካኗን ከቀጭኑ ቱቦ ሞላ። ባዶ እጁን ቢሄድ ልጁ ለምን ትለዋለች፤ ለምን ስትለው ደግሞ የሚመልሰው ነገር የሽማግሌውን ቃል እውነት ያደርገዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በወንዝ ላይ ለሚዋኝ ብቻ አይደለም።

ልጁ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች። መኪናው ላይ የተጀመረ ልብስ አለ፤ የተሰፋበት መስመር እንደ ሰካራም መንገድ ይጣመማል። ከትናንት ወዲህ ሆዴ ውስጥ ያለው አልተንቀሳቀሰልኝም አለችው። ድምጿ ውስጥ ልቅሶ አልነበረም፤ ልቅሶው አልቆ የሚቀረው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ ጀሪካኗን አይታ እጇን ዘረጋች። አባ ዓሣ ብርጭቆውን ሞላ። ብርጭቆው በእጇ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ የሽማግሌው ምርኩዝ ሲንቀጠቀጥ ያየውን አስታወሰ። አትጠጪ ሊላት አፉን ከፈተ።  ልጅቱ እስከ ታች ጠጣችው።

«ጎሽ» አላት፤ ከልማድ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ባልዲውን ይዞ ወጣ። በመጀመሪያ ከማጣሪያው በታች ወዳለው ወደ ለመደው ጅረት ወረደ። መረቡን ደጋግሞ ጣለ፤ የወጣለት ጢማም ብቻ ነው። ጫጩት እንኳ የለም። ከዚያ ከገደሉ ወዲያ ማዶ፣ ከእርሻው ውኃ ጋር የማይገናኝ አንድ ምንጭ እንዳለ ሽማግሌው ድሮ አሳይቶት ነበርና ሽቅብ ወጣ።  ውኃው ቀዝቃዛና ጥልቅ ያልሆነ ነው። መረቡን ገና ሳይጥል አያቸው፤ በአሸዋው ላይ ጥላቸውን ጥለው የሚርመሰመሱ፣ ጎናቸው በጥቁር ቀለም የተነከረ ጣት የነካው የሚመስል ባለ ነጥቦች። የራሱን ወጣትነት ያየ መሰለው። የሚበቃውን ያህል አጥምዶ፣ ባልዲውን በረጠበ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ተመለሰ።

ሁለቱን በባልዲው አስቀረ። የቀሩትን ገንዳው ውስጥ ለቀቃቸው።

ባለ ነጥቦቹ አስቀድመው ወደ ቱቦው አፍ ሄዱ፤ አዲስ ውኃ የሚወድ ዓሣ ልማዱ ነው። ቱቦው አፍ ላይ ደርሰው ድንገት ወደ ኋላ ተወረወሩ። ጥግ ለጥግ ዞሩ። ቀጥሎ ወደ ላይ ወጥተው አየር የሚለምኑ ይመስል አፋቸውን ከውኃው በላይ ያወጡ ጀመር፤ ስንጥባቸው እንደ ወናፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንደኛው በጎኑ ጋደል አለ፤ ተስተካከለ፤ እንደገና ጋደለ። ጢማሞቹ ቀስ ብለው ቀርበው በረጃጅም ጢማቸው ዳሰሱት። ከዚያ አንዱ ጅራቱን ነከሰው።

አባ ዓሣ ወጥቶ ሥራ አስኪያጁን ጠራ። ሞተረኛውም ምን ተገኘ ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተከተለ። ጠባቧ ክፍል ሦስት ሰው ስለማትይዝ ሞተረኛው ግማሽ አካሉን በር ላይ አስቀርቶ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም እንዴ አባ ዓሣ አለ። ገንዳውን ሲያይ ግን እጁን መጥረግ ተወ። ያን ጊዜ ሁለቱ ተንሳፍፈው፣ ሦስተኛው ሊከተላቸው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን መዝጊያ ለመዝጋት ምን ያህል ሰው እንደሚጮኽበት በሐሳቡ እየቆጠረ እንደነበር ከፊቱ ይነበባል። በባልዲ ተጉዞ የመጣ ዓሣ በዚህ ሙቀት ቢሞት ምን ይገርማል አለ። አባ ዓሣ ባልዲውን ገለጠለት። ሁለቱ ባለ ነጥቦች በምንጩ ውኃ ውስጥ ቀስ ብለው ይዞሩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወደ ባልዲው፣ ወደ ገንዳው፣ እንደገና ወደ ባልዲው አየ።

«እርስዎ ዓሦቹ ደኅና ናቸው ሲሉኝ እኔ ውኃው ደኅና ነው እያልኩ ስፈርም ኖሬአለሁ» አለ። «ዛሬ ደግሞ መርዝ ነው ይሉኛል። የትኛውን ቃልዎን ልያዝ?»

«የዛሬውን።»

«የቀድሞውስ?»

አባ ዓሣ የገንዳውን ጠርዝ ያዘ። «የቀድሞውን ስናገር የማይሞቱ ዓሦች ይዤ ነው። ትክክለኞቹ ካለቁ ዘመን አልፏል። ዓይኔ አይቶ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። ልጄም ከዚሁ ውኃ እየጠጣች ነው፤ በገዛ እጄ ነው የማጠጣት።»

በሩ ላይ የቆመው ሞተረኛ፣ «ድመቴ ለካ» አለ፤ የቀረውን አልጨረሰውም።

ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ ዝጉት አለ።

መዝጋቱ ግን እንደ ማዘዙ ቀላል አልሆነም። ዓሦቹ መሞት ከተዉ ወዲህ መዝጊያውን የነካው ሰው ስለሌለ መዘውሩ ዝጎ ከአንገቱ ጋር ተጣብቋል። አባ ዓሣና ሞተረኛው በሁለት በኩል ይዘው ታገሉት፤ ንቅንቅ አላለም። ሞተረኛው ዘይት አምጥቶ አፈሰሰበት፣ በመዶሻ ቀጠቀጠው። በእያንዳንዱ ምት መካከል ከእግራቸው ሥር ውኃው በቧንቧው ውስጥ እየጎረፈ ወደ ከተማ ሲወርድ ይሰማቸዋል። አባ ዓሣ መዳፉ ተልጦ ደሙ በብረቱ ላይ እስኪያንሸራትተው ድረስ አልለቀቀም። በመጨረሻ መዘውሩ አንድ የሚያስቀይም ድምፅ አሰምቶ ዞረ። ዞረ፣ ዞረ፣ ተዘጋ። ሞተረኛው ሄዶ ፓምፑን አቆመ።

 ጥቂት ቆይቶ ከቧንቧው ውስጥ የሚያቃስት ድምፅ መጣ፤ ብረቱ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ነው። ታች በየቤቱ ቧንቧ እየተከፈተ እንደሆነ ሦስቱም አወቁ። በየቤቱ ሰው የቀረችውን ውኃ በማሰሮና በባልዲ ለመያዝ ይሽቀዳደም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ማጉያ ያለው መኪና ለማስላክ ወደ ቢሮው ሮጠ። አባ ዓሣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ልጁ ቤት በእግሩ ወረደ። ሰዎች በየደጃፉ ቆመው ባዶ ቧንቧ ይመታሉ። አንዲት ሴት አባ ዓሣ ብላ ጠርታ ውኃው ምን ሆነ አለችው፤ የያዝሽውን ድፊው አላት፤ አልሰማችውም ወይም አላመነችውም።

ልጁ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። አባ ዓሣ ሰላምታ ሳይሰጥ ጀሪካኗን አንሥቶ ወደ ጓሮ ወሰደና ውኃውን መሬት ላይ አፈሰሰው። ብርጭቆውን ገለበጠው። ማድጋውንም ተሸክሞ ወጥቶ ደፋው። ሲመለስ ልጁ ተነሥታ ቁጭ ብላ ነበር፤ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ታያለች። ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት። የዓሦቹን ነገር፣ የሽማግሌውን ነገር፣ የምንጩን ነገር። ሳታቋርጠው ሰማችው። ከጎረቤት የባዶ ቧንቧ ድምፅ ይመጣል።

«ትናንት ስጠጣ ታውቅ ነበር፣ አባዬ?»

አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ያ ቃል ምላሱ ላይ ነበር፤ ለስላሳ፣ ዝግጁ የሆነ ቃል።

«ጠርጥሬ ነበር» አላት።

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።  አማቹ ከመንገድ ተመልሶ ከሌላ ከተማ ውኃ ጭኖ እስኪመጣ ድረስ አባ ዓሣ በየጠዋቱ ከማዶው ምንጭ ተሸክሞ ደጃፏ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ጎረቤቷ ናት ወደ ውስጥ የምታስገባላት።

በሦስተኛው ቀን ፅንሱ ተንቀሳቀሰ፤ ይህንንም ለአባ ዓሣ የነገረችው ጎረቤቷ ናት። የመውለጃ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። ወንድ ልጅ ነው፤ ትንሽ፣ ቆዳው የተሸበሸበ፣ ለማልቀስ ብዙ የዘገየ። አዋላጇ አገላብጣ አይታው እግዜር ያሳድገው አለች፤ ሌላ ነገር አላለችም። በዚያው ሰሞን በመንደሩ ሌሎች ሁለት ሴቶች ወልደው ሕፃናቱ አልቆዩላቸውም። ከውኃው ይሁን ከሌላ፣ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እርሻው ተከሰሰ፣ ተከራከረ፣ ወራት ወሰደ። ከብዙ ዝናም በኋላ ወንዙ ጠራና መዝጊያው ተከፈተ።

አባ ዓሣን ከሥራው ያስወጣው የለም። ጢማሞቹን ባልዲ ውስጥ ጨምሮ ራሱ ወደ ታችኛው ጅረት መለሳቸው። ገንዳውን በባለ ነጥቦች ሞላ። አንድ ባለ ነጥብ በሞተበት ቀን ያለ ጥያቄ መዘውሩን ይዘጋል፤ ከተማውም ይረግመዋል። ሞተረኛው ገንዳው ውስጥ ጨምረኝ የሚለውን ቀልድ ዳግመኛ አልቀለደም። የድሮው ጠባቂ ዓመቱ ሳይሞላ አረፈ፤ አባ ዓሣ ከአስከሬኑ ፊት ቢቆምም ወደ ልጆቹ ሄዶ ማጽናናት አልደፈረም።

የልጅ ልጁ መራመድ ዘገየ። መናገርም ዘገየ። ሌሎች ልጆችም ይዘገያሉ ይላል ሰው፤ ወንድ ልጅ ነው፣ ወንድ ልጅ ምላሱ ሰነፍ ነው ይላል። አባ ዓሣ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። በሳምንት አንድ ቀን ልጁ ቤት ይሄዳል። ልጁ አባዬ ትለዋለች፣ ወንበር ታቀርብለታለች፣ ሕፃኑን አቅፋ ትሰጠዋለች። ሕፃኑም ይወደዋል፤ ጉንጩን ይዳስሳል፣ ጺሙን ይጎትታል።

አንድ ከሰዓት ሕፃኑ ከአያቱ ጭን ላይ ሆኖ ወደ ጠረጴዛው ጣቱን ቀሰረ። ብዙ ታግሎ ውኃ አለ። ከሚችላቸው ጥቂት ቃላት አንዷ ናት። አባ ዓሣ ሕፃኑን በአንድ ክንዱ እንደያዘ ተነሥቶ ብርጭቆውን አነሣ።

ልጁ ከስፌት መኪናዋ ብድግ አለች። አልተቆጣችም፤ ድምጿ ለስላሳ ነበር።

«ተወው አባዬ። እኔ እሰጠዋለሁ።»

ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደች፤ ቀጥላም ሕፃኑን። አባ ዓሣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሕፃኑ እስኪጠጣ ድረስ ወደ መስኮቱ አየ።